ገብስማና ዓይኑን ያልገለጠው ልጅ

በድሮ ዘመን ነው፣ ልጆች፤ ዶሮና እርግብ በአንድ ቤት በሚያድሩበት ዘመን። ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ነገሩ ግራ የሚያጋባ ስለሆነ ከሩቅ ሲሰሙት አይገባም።

እትዬ ስንዱና አያ ጥላዬ የሚባሉ ባልና ሚስት ነበሩ። እትዬ ስንዱ ዶሮ ይወዳሉ፤ አያ ጥላዬ እርግብ ይወዳሉ። ሁለት ቤት መሥራት ስለሰለቻቸው ከጓሯቸው አንድ ቤት በጭቃ መረጉና ዶሮዎቹን ከታች፣ እርግቦቹን ከላይ ከቆጡ አኖሩ።

ከዶሮዎቹ መካከል ገብስማ የምትባል ነበረች። የዋህ ናት፤ ሐሳብ ግን ታበዛለች። ሲዘንብ ለምን ዘነበ ትላለች። ሲያባራ ለምን አባራ ትላለች። ጥሬ ሲበተንላት እንኳ ዛሬ ለምን ተበተነልኝ ብላ ታስባለች፤ እሷ እስክታስብ ሌሎቹ ለቅመው ይጨርሳሉ።

ከእርግቦቹ ደግሞ እርግቢት የምትባል ነበረች፤ ዝምተኛ ናት፣ ካላናገሯት አትናገርም።

ከአጥሩ ማዶ፣ ከቅንጭቡ ሥር፣ አያ ሸለምጥማጥ ይኖራል። ሥራ አይወድም፤ ሥጋ ይወዳል። ዶሮ ቤቱን ከሩቅ ሲመኝ ብቻ የኖረው እርግቦቹን ፈርቶ ነው። ገና ከሩቅ ያዩታል፣ ክንፋቸውን ያንኳኳሉ፣ ባለቤቶቹም ዱላ ይዘው ይወጣሉ።

አንድ ቀን እትዬ ስንዱ ገብስማን ሊያስታቅፏት አሰቡ። የዶሮ ቤቱ ውስጥ ድንግዝግዝ ያለ ነው። በእጃቸው እየዳበሱ እንቁላል ሲሰበስቡ ከቆጡ ጥግ አንዲት ትንሽ ነጭ እንቁላል አገኙ።

«ይቺ ቄብ ቆጥ ላይ ወጥታ የጣለቻት እንቁላል ናት። ቄብ ስትጀምር እንዲህ ትንሽ ነው የምትጥለው» አሉና ጭድ በተነጠፈበት እንቅብ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ጨመሯት።

የቄብ አልነበረችም። የእርግቢት ነበረች። እርግቢት ውሃ ጠጥታ ስትመለስ ጎጆዋ ባዶ ሆኖ አገኘችው። ወዲህ አየች፣ ወዲያ አየች፤ ግራ ገባት፤ ሌላ የምታደርገው ብታጣ ባዶውን ጎጆ ታቅፋ ተቀመጠች።

ገብስማ ቀኑ ገና ሳይደርስ ከሆዷ ሥር አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ ተሰማት። ክንፏን አንሥታ ብታይ ልጅ ተፈልፍሏል። ግን ምን ዓይነት ልጅ ነው? ዓይኑ አልተገለጠም። እግሩ አይቆምም። አፉ ብቻ ከራሱ ይበልጣል።

«ተነሥ ልጄ፣ ልይህ» አለችው። አልተነሣም። ጥሬ አቀረበችለት። አልለቀመም። ቋ ቋ ብላ ጠራችው። አፉን ከፍቶ ሲጥ ሲጥ አለ እንጂ አልመጣም።

አውራ ዶሮውን ጠየቀችው። «ዶሮ ነው፤ ነገ ይጮኻል» አላት፤ አውራው የማያውቀው ነገር ያለ አይመስለውም። አሮጊቷን ቀይ ዶሮ ጠየቀቻት። «ታቅፈሽ ሐሳብ ስታበዢ ነው እንዲህ የሆነብሽ» አለቻት። ገብስማ ይበልጥ ግራ ገባት።

ቀና ብላ እርግቢትን ልትጠይቅ ስትል፣ ከግድግዳው ስንጥቅ በኩል ቀስ ያለ ድምፅ መጣ።

«ገብስማ እኅቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። እኔ አያ ሸለምጥማጥ ነኝ፤ የሥር መድኃኒት አውቃለሁ። ልጅሽ ዓይን በልቶት ነው።»

«የማን ዓይን?»

«ከላይ ቁጭ ብላ ቀኑን ሙሉ ወደ ታች የምታይ ማን ናት?»

ገብስማ ቀና አለች። እርግቢት ወደ ታች እያየች ነበር። ሐዘንተኛ ወደ ታች ነው የሚያየው፤ ገብስማ ግን ይህን ከየት ታውቃለች? ልቧ ደነገጠ።

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ አያ ሸለምጥማጥ?»

«መጀመሪያ ልጁን ሸፍኚው፤ ያቺ እንዳታየው። ቀጥሎ እርግቦቹን አስወጪያቸው። ከዚያ ጀምበር ስታዘቀዝቅ እኔ ራሴ ገብቼ አክመዋለሁ።»

ይህን ብሎ ዞር አለና በሌላው ስንጥቅ እርግቢትን ጠራት። «እንቁላልሽን ገብስማ በላችው። ዶሮ እንቁላል እንደምትበላ ታውቂ የለ? እንዳታናግሪያት፤ አንቺንም ትነክስሻለች» አላት።

ገብስማ ልጁን በክንፏ ሸፈነች፤ አውራውንም እርግቦቹን አስወጣልኝ አለችው። አውራው ለምን ብሎ አልጠየቀም፤ ማባረር ይወዳል። እርግቦቹ ወጥተው ከትልቁ ቤት ጣሪያ ላይ ተደረደሩ።

እንግዲህ ልጆች፣ ገብስማ የደረሰባትን ጭንቅ እዩት። ምግብ ፍለጋ ብትነሣ የቀሩት እንቁላሎች ይበርዳሉ። ብትቀመጥ ልጇ በረሃብ ይሞታል። ብታቀርብለትም አይበላ። ሲጥ ሲጥ ሲል የዋለው ድምፁ እየቀጠነ ሄደ። ገብስማ አለቀሰች፤ የምታደርገው ጠፋት።

ያቺ የቀጠነች ድምፅ ከጣሪያው ድረስ ተሰማች። እርግቢት ስትሰማት ጉሮሮዋ ሞላ፣ አንገቷ አበጠ። ለምን እንደሆነ አልገባትም። ፈራ ተባ እያለች ወርዳ በሩ ላይ ቆመች።

«ገብስማ፣ እንቁላሌን ለምን በላሽ?» አለች።

«እኔ? ኧረ በፈጠረሽ። ማን አለሽ?»

«አያ ሸለምጥማጥ።»

ገብስማ ወደ ስንጥቁ ዞር ብላ አየች። ከዚያ «እኔን ደግሞ ልጅሽን የእርግቢት ዓይን በላው ብሎኛል» አለች።

«የምን ልጅ?»

አሁን ምን ታድርግ? ብታሳያት ዓይኗ ይጨርሰው ይሆናል። ባታሳያት እንደሆነ እየሞተ ነው። ገብስማ ብዙ አሰበች፤ ማሰብ ሲያቅታት ክንፏን አነሣች።

እርግቢት ልጁን አየችው። ቀረብ ብላ አፏን ከፈተች። ልጁም ዓይኑን ሳይገልጥ ራሱን ከአፏ ውስጥ ጨመረ።

«ኧረ ዋጠችብኝ» አለች ገብስማ። ልትነክሳት አንገቷን ሰበቀች። ግን የልጁን ጉሮሮ አየችው፤ እየሞላ ነው። እንደ ወተት የነጣ ነገር ከአፉ ዳር ይንጠባጠባል። አንገቷን መለሰች። እርግብ ልጇን ከጉሮሮዋ ነው የምትመግበው፤ ገብስማ ግን ስትበላው ይሁን ስታበላው አልገባትም፤ ቢሆንም ጠበቀች። ልጁ ጠገበና ተኛ።

«የኔ ነው» አለች እርግቢት በቀስታ።

«የኔም ነው፤ ያሞቅኩት እኔ ነኝ» አለች ገብስማ።

«የሁለታችንም ነው እንጂ» አለች እርግቢት፤ ጣሪያ ላይ የቀሩትንም ጠርታ በጸጥታ ወደ ቆጡ መለሰቻቸው። አውራውም እኔ ነኝ ያስገባኋችሁ አላቸው፤ ማንም አልተከራከረውም።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ አያ ሸለምጥማጥ ምራቁን እየዋጠ መጣ። እርግብ የለ፣ ጠባቂ የለ ብሎ ራሱን በበሩ አስገባ።

«ገብስማ እኅቴ፣ በሽተኛው የት አለ?»

«እዚህ አለ። ግባ» አለችው።

ገባ። ያን ጊዜ እርግቦቹ ከላይ በአንድነት ወረዱበት፤ ፊቱን በክንፍ መቱት። አውራው ያለ ሰዓቱ ጮኸ። እትዬ ስንዱ ከምድጃው ትንታግ መዝዘው ሮጡ፤ ሲሸሽም ጅራቱን ከዚህም ከዚያም ለበለቡት። ሸለምጥማጥ ይኸው እስከ ዛሬ ድረስ ጅራቱ በጥቁር ቀለበት የተዥጎረጎረው በዚያ ትንታግ ነው ይባላል። ዶሮ ሳይበላ፣ መድኃኒተኛ ሳይባል፣ ሌት ተቀን ጅራቱን ሲልስ ኖረ።

የቀሩት እንቁላሎችም ቀናቸው ደርሶ ተፈለፈሉ። እትዬ ስንዱ ከጫጩቶቹ መካከል የእርግብ ልጅ ሲያዩ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«አያ ጥላዬ፣ ዶሮዬ እርግብ ወለደች።»

«አንቺ በጨለማ እየዳበስሽ ሰብስበሽ እሷን አትወንጅያት» አሉ አያ ጥላዬ እየሳቁ።

ልጁ አድጎ በረረና ከእርግቢት ጎን ቆጡ ላይ ማደር ጀመረ። ማታ ማታ ግን መጀመሪያ ወርዶ ከገብስማ ክንፍ ሥር ይገባል። አይበቃውም፤ ጅራቱ ውጭ ይቀራል። ገብስማም ጫጩቶቿን ገፋ ታደርግና ቦታ ትሰጠዋለች።

ልጆቼ፣ በቤታችሁ ነገር ግራ ሲገባችሁ በስንጥቅ የሚያንሾካሹከውን አትስሙ። አብራችሁ የምታድረውን ጠይቋት። ገብስማ ይህን እስክታውቅ ልጇን ልታጣ ነበር።

ተረቴ አለቀ፤ ጉሮሮዬ ደረቀ፤ እስቲ አንዳችሁ ውሃ ስጡኝ።