አህያና አከራዩ ጅብ

ተረት ተረት፣ የደመወዝ ዕለት!

አንድ አህያ ነበረ። ወፍጮ ቤት እህል ሲያመላልስ እየዋለ በወር አንድ ቁና ገብስ ይከፈለዋል። ግማሹን አከራዩ አያ ጅቦ ይወስድበታል፤ የቀረው ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያለውን ቀን አህያ ግድግዳ እየላሰ ነው የሚያድረው።

ቢመረው ከበግና ከዶሮ ጋር እቁብ ገባ። ከገዛ አፉ እየነጠቀ በየወሩ አንድ እፍኝ ጣለ። በሦስተኛው ወር ሦስት እፍኝ ገብስ ወጣለት፤ ደስታውን መቻል አቅቶት አናፋ።

ጅብ በሩን ገፋ አድርጎ ብቅ አለ። «ምን ተገኘ?»

«እቁብ ወጣልኝ፣ አያ ጅቦ!»

«እንኳን ደስ ያለህ! እንግዲህ በየወሩ ሦስት እፍኝ ጨምር፤ ኑሮው ተወዷል።»

አህያ ጥርሱን አፋጨ። «ሁለተኛ ባናፋ አህያ አይደለሁም!» ብሎ ማለ።

በሚቀጥለው ወር አሠሪው አንድ እፍኝ ጨመረለት። አህያ አፉን ግጥም አድርጎ፣ ኮቴውን ሳያሰማ ወደ ቤቱ መጣ። ጅብ ደጃፉ ላይ ቆሟል።

«በደመወዝ ቀን ስትነጫነጭ ነበር የማውቅህ» አለው። «ዝም ካልክማ አግኝተሃል። ጨምር!»

ተረቴን መልሱ፤ ዳቦውን ግን ለአከራዬ ስጡልኝ።