አያ ጅቦና ሳያስፈቅዱ የማይገቡበት መጻፊያ

አንድ ጊዜ፣ አውሬ ሁሉ ኮምፒውተር ተማርኩ ባለበት ዘመን፣ አያ ጅቦ የአንበሳ ፕሮግራም ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረ። ሥራው አውሬ ሁሉ ውሃ የሚጠጣበትን የኩሬ በር ማዘዝ ነው፤ እሱ በኮምፒውተር እንደጻፈው በሩ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ደመወዙ ከአንበሳ ግዳይ አንድ ጭን። ለጅብ ከዚህ በላይ ምን ሹመት አለ?

በጋው ሲበረታ አንበሳ ጠራው።

«የሚዳቋና የድኩላ ግልገሎች በትልልቁ እየተረገጡ ውሃ አላገኙም። ፀሐይ ሳትጠልቅ በሩ ትንንሾቹን አስቀድሞ እንዲያስገባ አድርገህ ጻፍ። አለዚያ ጭኗን እርሳት!»

ጅብ የበሩን ትእዛዝ የሚጽፍበት አሮጌ የኮምፒውተር መጻፊያ ነበረው፤ ፊደሉን ሲነኩት ፊደሉን የሚጽፍ፣ ተንኮል የማያውቅ። በሱ ሊጀምር ሲል ቀበሮ ከች አለች።

«አያ ጅቦ፣ ዛሬም በዚህ? እኔ የያዝኩት አዲስ መጻፊያ እኮ በአንድ ቁልፍ መስመር ሙሉ ይውጣል።»

«ይውጣል» ሲባል የጅብ ምራቅ ተዝረበረበ።

«አምጪው!»

«ቀስ በል፣ ትምህርት አለው። ከመጻፍህ በፊት የማስፈቀጃዋን ቁልፍ ካልነካህ አያስገባህም። እሷም…»

«ጅብ አስፈቅዶ የገባበት ቤት የት አየሽ?» ብሎ አቋረጣት። አሮጌውን መጻፊያ እዚያው ደመሰሰና አዲሱን ከእሷ ወስዶ የበሩን ትእዛዞች ከፈተበት። ቀበሮም ጅራቷን ጠምዝዛ ሄደች።

«ግልገል» ብሎ ጀመረ። ገጹ ላይ ምንም አልወጣም። ደገመው። ኮምፒውተሩ ጮኸበት። ሌላ ቁልፍ ቢነካ ትናንት የጻፈው መስመር ብን አለ። ያንን ሊመልስ ሌላ ነካ፤ ጭራሽ ገጹ ሄደ።

«ኧረ ይሄስ ከኔም ይብሳል! ያገኘውን ሁሉ ይበላል እንዴ?»

ከመጻፊያው ልውጣ አለ፤ አልወጣ አለው። «ውጣ!» ብሎ ጻፈ፤ ግማሹ ተጻፈ፣ ግማሹ ሌላ ነገር አጠፋ። ይሄኔ አህያ በሩቁ ስታልፍ አያት።

«እመት አህያ፣ በፈጠረሽ! አሁን እኔ ገብቻለሁ ወይስ ውጭ ነኝ?»

«እኔ ምን አውቄ አያ ጅቦ? ብቻ እዚያው ብትቆይ ደስ ይለኛል» አለችና እርምጃዋን አፈጠነች።

ፀሐይ ጠለቀች። ትእዛዙ ሁሉ ስለጠፋ በሩ ጭራሽ ለማንም አልከፈት አለ። ግልገሎቹ ጉሮሯቸው ደርቆ ይጮሃሉ። አንበሳ መጣ።

«በሩ ምን ሆነ?»

«ጌታዬ፣ በሩስ ደህና ነው፤ የተዘጋብኝ እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው መጻፊያው እስኪገባህ ድረስ በሩን በትከሻህ ትከፍታለህ። ትንንሾቹን አስቀድመህ! ጭን እስከዚያ የለችም።»

ጅብ ከባዱን በር በትከሻው ደግፎ ቆመ። የሰባው ግልገል ሁሉ ባፍንጫው ሥር ያልፋል፤ አንበሳ ደግሞ ዓይኑን አይነቅልም። ሆዱ እየጮኸ ቀበሮን አስጠራት።

«እሜቴ፣ ተሸነፍኩ። አስፈቅጄ እገባለሁ። መውጫውን ብቻ ንገሪኝ!»

ቀበሮ ጆሮዋን ጣለች።

«መውጫው? እኔም ባለፈው ክረምት ገብቼ፣ መውጫው ጠፍቶኝ ይኸው እስካሁን እዚያው ነኝ። ብቻዬን ከምሆን ብዬ ነው አንተን የጠራሁህ።»

ከዚህ የምንማረው አዲስ ዕቃ ያወደሰልንን ሁሉ መግቢያውን ብቻ ሳይሆን መውጫውንም መጠየቅን፣ እስክንለምደውም ድረስ አሮጌውን ከጓዳ አለመጣልን ነው።