የእማማ ፋናዬ ባዶ ፍሬም

በአንድ ወቅት፣ ዕቃ ከነባለቤቱ በሚያረጅባት አንዲት ትንሽ ከተማ፣ ጋሽ ደስታው የሚባሉ ፎቶ አንሺ ነበሩ። ሰው ሲዳርም ሲመረቅም እሳቸው ጋ ነው የሚነሳው። ሲሞትም ለለቅሶው የሚያዘው ፎቶ የሚወጣው ከእሳቸው አሮጌ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ነው። ዴስክቶፑ ታዲያ አንድ ፎቶ ለመክፈት እያቃሰተ ለቀስተኛ ማስጠበቅ ጀመረ። ጋሽ ደስታው ሦስት ልጆቻቸውን ጠርተው፣ «በሃርድ ዲስኩ ቦታ ደህና ኤስኤስዲ፣ ያንን ፈጣኑን አዲስ ማስቀመጫ፣ መርጦ የዚህን ሽማግሌ ኮምፒውተር ዕድሜ ያረዘመልኝ፣ የሱቁን ቁልፍ ይረከባል» አሏቸው።

ትልቋ ዘርፌ ዕቃ ታውቃለች። «ትንሽም ቢሆን የታመነ ይሁን» አለች። ወንድሟ ማንደፍሮ «አንቺ ደግሞ ፍርሃትሽ!» ብሎ ሳቀባት፤ አኮረፈች። ኋላ እሱ የገዛውን ስታይ፣ የማሸጊያው ጽሑፍ የተንጋደደ፣ ዕቃውም ባዶ እስኪመስል የቀለለ መሆኑን ልብ ብላለች። «የራሱ ጉዳይ» ብላ አፏን ዘጋች።

ማንደፍሮ አባቱን ማስደሰት ይወዳል። ከገበያ «ሁለት ቴራ ይይዛል» የሚል ርካሽ ኤስኤስዲ ይዞ መጣ። ያ ሁሉ ፎቶ ሲገለበጥለት ደረቱ ተነፋ። መጀመሪያ ላይ ያሉትን ከፈተ፤ ጥርት ብለው ታዩ። መጨረሻ ላይ ያለው አንዱ ግን አልከፈት አለው። ደግሞ ሞከረ፤ እምቢ አለ። ያኔ አባቱ ከበር ላይ «እንዴት ሆነ ልጄ?» አሉት። «ሁሉም ገብቷል አባዬ!» አለ። ይህን ቃል ሲያስታውስ ዛሬም ፊቱ ይግላል።

የመጨረሻው ልዑል፣ አባቱ «አሮጌውን ዲስክ እስከ ፋሲካ እንዳትነኩት» ሲሉ ሰምቷል። ግን ጌም የሚጭንበት ቦታ አጥቶ ነበር። ወንድሙ ሁሉም ገብቷል ብሎ የለ? ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ ጌሙን ጫነበት።

ፋሲካ ሳይደርስ እማማ ፋናዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ባዶ ፍሬም ታቅፈው መጡ። አንድያ ልጃቸው ምንተስኖት አርፏል። የምረቃ ጋውን ለብሶ የተነሳውን ፎቶ ሳይወስደው ነበር የቀረው። «ሌላ ፎቶ የለውም። አውጡልኝና ሰዉ እያየው ያልቅስልኝ» አሉ።

ማንደፍሮ ፈልጎ የምንተስኖትን ስም አገኘ፤ ሲከፍተው ግን ምንም የለውም። ኤስኤስዲው ሁለት ቴራ የነበረው በማሸጊያው ላይ ብቻ ነው፤ እውነተኛ ቦታው ትንሽ ነበርና ከሞላ በኋላ የገባው ሁሉ ጠፍቷል። ወደ አሮጌው ዲስክ ሮጡ። እዚያም ጌም እንጂ ፎቶ የለም።

እማማ ፋናዬ ከውጭ፣ ከአግዳሚው ላይ ሆነው፣ «አይዞህ ማንዴ፣ አትጣደፍ፤ እጠብቃለሁ። እናንተን ያኑርልኝ» አሉ። ማንደፍሮ ምርቃቱን ሲሰማ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ልጆቹ እየተንተባተቡ ያደረጉትን ሁሉ ተናዘዙ። ጋሽ ደስታው አንገታቸውን ደፉ። «ለቁልፍ ያሽቀዳደምኳችሁ እኔ ነኝ፤ ቁልፉ ይቆየን። አሁን አንዳችሁ ውጡና ንገሯቸው።»

«እያወቅሁ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ» አለች ዘርፌ።

«የዋሸሁት እኔ ነኝ» አለ ማንደፍሮ።

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለ ልዑል።

ሦስቱም እንዲህ አሉ፤ ከመቀመጫው የተነሳ ግን አልነበረም።

እማማ ፋናዬ የፍሬሙን መስታወት በነጠላቸው ጫፍ እየወለወሉ ነው። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ማን ወጥቶ ፊታቸው ይቁም?