ግድግዳውን ሊያይ የመጣው ዳኛ

ቀይ አምባ በሚሉት ኮረብታ ሁሉም ነገር ሥርዓት ነበረው። አንበሳው ከላይ ዋሻው ውስጥ ተኝቶ ይገዛል፤ ሲያገሳ ተቆጣ ይባላል፣ ዝም ሲል አሰበ ይባላል። ጅብ ዳኛው ነው። ቀበሮ የዳኛው ጸሐፊ ነው። የቀሩት፣ ሽኮኮው፣ ጃርቱ፣ ጥንቸሉና ፍልፈሉ፣ በየጉድጓዳቸው ይኖራሉ፤ ሲጠሩ ይመጣሉ፣ ሳይጠሩ አይታዩም። ጅብን ፊት ለፊት ሲያገኙት «ጌታዬ» ይሉታል፤ ዞር ሲል «አያ ጅቦ» ይሉታል። እሱም ሁለቱንም ያውቃል፣ አይቀየምም። ቂም የደካማ ነው ብሎ ያምናል።

ከሥርዓቱ ሁሉ የከበረው ግን አንድ ቃል ነበር። በጠብ መካከል አንዱ «በአንበሳ አምላክ!» ካለ እጅ ይሰበሰባል፣ አፍ ይዘጋል፣ ሁለቱ ባላጋራዎች በአንድ ሐረግ ታስረው ከዳኛው ፊት ይቀርባሉ። ቃሉ አንዴ ከአፍ ከወጣ ጠቡ የባለጠቦቹ መሆኑ ይቀርና የዙፋኑ ይሆናል። ታረቅን ብሎ መመለስ የለም። ሕጉን ማን እንዳወጣው የሚያስታውስ የለም፤ ደካማው ጉልበተኛውን እንዲያስቆምበት የወጣ ነው ይባላል። ሳይሆን አይቀርም። ብዙ ነገር ሲጀመር ለደግ ነው።

እመት ሽኮኮ ባሏን ንስር የወሰደባት፣ ሦስት ጨቅላ የምታሳድግ ነበረች። ቤቷ ከቋጥኝ ሥር ነው። በስተኋላ ግን አለት ሳይሆን አፈር ነው፤ ከአፈሩ ወዲያ አያ ጃርት ይኖራል። ሰባት ክረምት ደህና ጎረቤት ሆነው ኖረዋል። እሱ ሲቆፍር ለስላሳ ሥር ካገኘ ይወረውርላታል፤ እሷ ከቋጥኙ አናት ነብር ስታይ ታፏጭለታለች።

በዚያ ዓመት ግንቦት ሲያልቅ አያ ጃርት ልጁን ሊድር ሆነና ለሙሽሮቹ አንድ ክፍል ሊጨምር ቁፋሮ ጀመረ። አልጠየቀም፣ አልነገረም። እመት ሽኮኮ ልጆቿን ስታጠባ ከበስተኋላዋ ቀርቀር የሚል ድምፅ ሰማች። በማግስቱ አፈር በትንሹ ልጇ ጆሮ ላይ ረገፈ። በሦስተኛው ቀን ግድግዳው ላይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ወጣ። ለክረምቱ መግቢያ የቀረው አሥራ አምስት ቀን አይሞላም። ጎርፍ በዚያ ስንጥቅ ከገባ ልጆቹን የሚያገኛቸው ከመኝታቸው ነው።

ከደጁ ሄዳ ቆመች።

«አያ ጃርት፣ እንደምን ሰነበቱ?»

«እግዜር ይመስገን። አንቺስ? ልጆቹስ?»

«ልጆቹማ አፈር እየበሉ ነው።»

«የምን አፈር?»

«የርስዎ ቁፋሮ ነዋ። ግድግዳዬ ተሰነጠቀ። እባክዎ፣ በሾላው በኩል ይቆፍሩ።»

«በሾላው በኩል ሥሩ አያስኬድም። ሙሽሮቹን ደጅ ላሳድራቸው ነው?»

«እኔስ ልጆቼን አፈር ላልብሳቸው ነው?»

አያ ጃርት አፈሩን ወደ ኋላው ጠረገና ሳቀ። «እናንተ ሽኮኮዎች ዕድሜ ልካችሁን ድንጋይ ላይ ፀሐይ ትሞቃላችሁ እንጂ አንድ ጉድጓድ ቆፍራችሁ አታውቁም። ይልቅ ቁፋሮን ለቆፋሪ ተይለት።»

«እሾህ ለብሶ የሚኖር የሌላው ገላ የሚወጋ አይመስለውም!»

«ባልሽ ቢኖር ኖሮ እንዲህ አያስለፈልፍሽም ነበር።»

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ስለ ልጆቿ ብላ የመጣች እናት ብዙ ትችላለች። የሞተ ባሏን ሲያነሱባት ግን ያን ሁሉ የቻለችበት ትዕግሥት ከእጇ ያመልጣል። እመት ሽኮኮ ምን እንደምትል ሳታውቀው አፏን ከፈተች።

«በአንበሳ አምላክ! ቁም!»

አያ ጃርት ቆመ። እሾሁ ሁሉ ቀጥ አለ። ጠቡን ለማየት ከየጉድጓዱ ብቅ ያሉት ራሶች ተመልሰው ገቡ።

«ምን አልሽ?» አለ በዝግታ።

«አልኩ» አለች። ወዲያውም ወደ ቤቷ ዞር ብላ አየች።

«ምነው እመት? ብትሰድቢኝ አይበቃሽም ነበር?»

በዕድሜ ከሁሉ የሚበልጡት አባባ ኤሊ ተጠሩ። ሁለቱን ከሾላው ጥላ ሥር አስቀምጠው ሁለት ነገር ብቻ ጠየቁ። እሱን፣ «ስንት ክንድ ቆፈርክ?» እሷን፣ «ስንት ልጆች አሉሽ?» ከዚያ አያ ጃርት ሁለት ክንድ አፈር መልሶ እንዲጠቀጥቅ፣ እመት ሽኮኮም በሠርጉ ሰሞን ከቋጥኙ አናት ሆና እንድትጠብቅለት ነገሩን ጨረሱት። አያ ጃርት ጎንበስ ብሎ፣ «ሟቹን ማንሳቴ ነውር ነው፤ ይቅር በይኝ» አለ። እሷም «ይቅር ለእግዜር» አለች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ስንጥቁ ተደፈነ። ጠቡ አለቀ።

ቃሉ ግን አላለቀም። ማን እንዳደረሰው አይታወቅም፤ በማግስቱ ማለዳ ቀበሮ ሐረግ ይዞ መጣ።

«እኛ እኮ ታርቀናል» አሉት።

«እሰይ! ጌታዬ ዕርቅ ነፍሱ ነው። እስቲ እጃችሁን አምጡ።»

ጉባኤው በሜዳው ተሰበሰበ። ሁሉም የሚያስበው ስለ አንድ ነገር ነበር። ባለፈው ዓመት ሁለት ጥንቸሎች በውሃ መውረጃ ተጣልተው እንዲሁ ቃሉን ጠርተው ነበር። ዳኛው ሄዶ ቦታውን አየ። ከዚያ ወዲህ በዚያ መውረጃ የተጣላ የለም። ሰፈሩ ፍጹም ሰላም ነው፤ ከደጆቹ ላይ ሣር በቅሏል።

ጅብ ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጆቼ፣ አንዳንዶች ዳኛው ችኩል ነው ትላላችሁ አሉ።» ጥንቸሎቹ መሬት መሬት አዩ። «እኔ ግን ሳላይ አልፈርድም። ግድግዳው በእርግጥ ተደፍኗል ወይ? ልጆቹ ደህና ናቸው ወይ? ስንት ናቸው? ምን ያህል ወፍረዋል? ይህን በወሬ አልቀበልም። ገብቼ በዓይኔ አየዋለሁ።»

«ጌታዬ፣ እኔ ክሱን ትቻለሁ» አለች እመት ሽኮኮ።

«አንቺ ትተሽ ይሆናል። አንበሳው መች ተወ? በስሙ ጠርተሽዋል። ጠርተሽ ሲያበቃ ከመንገድ ተመለስ ልትይው ነው?»

አባባ ኤሊ ለመናገር ተነሡ። ኤሊ እስኪነሣ ጊዜ ይወስዳልና ጉባኤው ጠበቀ።

«ጌታዬ፣ የሽኮኮ ደጅ በሽኮኮ ትከሻ ልክ የተሠራ ነው። እርስዎን አያስገባም።»

«እውነት ብለዋል፣ አባባ። ይህንንም አስቤበታለሁ። ፍርድ የማይገባበት ቤት ምን ቤት ነው? ደጁ ይስፋ። የሚያሰፋውም አያ ጃርት ነው፤ ቁፋሮ ስለሚወድ።» ቀበሮ ሳቀ። ሌሎቹም ቀበሮ ስለሳቀ ሳቁ። «ሦስት ቀን ሰጥቻለሁ። በሦስተኛው ቀን ምሳዬን ሳልበላ እመጣለሁ። የጠገበ ዳኛ እንቅልፍ ያሸንፈዋል።»

ሐረጉ እዚያው ተፈታላቸው። አያ ጃርት የጎረቤቱን ደጅ ይቆፍር ጀመር። ቀበሮ ማንም እንዳይወጣ ከፊት ለፊት ተቀምጦ ይጠብቃል። እመት ሽኮኮ ከውስጥ ልጆቿን ከሆዷ ሥር ሰብስባ ታያለች። ብርሃኑ በየሰዓቱ እየጨመረ ይገባል። ልጆቹ ደስ አላቸው፤ እንዲህ ያለ ብርሃን ቤታቸው ውስጥ አይተው አያውቁም። ትንሹ እየዘለለ ጥላውን ሊይዝ ይሞክራል። እሷ ፈጣሪዋን የምትለምነው በልቧ ነበር፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ልጆቹ እንዳይጠይቋት።

በሁለተኛው ቀን ፀሐዩ በርትቶ ቀበሮ ሲያንጎላጅ አያ ጃርት ራሱን ሳያነሣ በሹክሹክታ ተናገረ።

«እመት፣ ስሚኝ። ያ ግድግዳ።»

«ምን ሆነ?»

«አፈሩ ገና አልጠበቀም። በኔ በኩል ሆኜ ቶሎ ልከፍተው እችላለሁ። የኔ ደጅ ጠባብ ነው፣ ጠማማም ነው። እሱ አይገባበትም።»

እመት ሽኮኮ ግድግዳውን አየችው። እንዳይፈርስባት ብላ ነበር ያን ቃል የጠራችው።

«ሙሽሮቹስ?» አለች።

«ሙሽሮቹ ይጠብባቸው። እኛም ተጣብበን ነው ያደግነው።»

«እንግዲያ ያፍርሱት።»

በሦስተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ዳኛው መጣ። ጉባኤው ሁሉ ተከትሎታል። ደጁን በትከሻው ለካና «ጥሩ ተሠርቷል» አለ። ራሱ ገባ፤ ትከሻው ገባ፤ ወገቡም ገባ። ውጭ አንዲት ጥንቸል ዓይኗን ጨፈነች።

ቆይቶ ወጣ። አፍንጫው ላይ አፈር ነበር። ድምፁ እንደ ቀድሞው ለስላሳ ነው።

«ቤቱ ባዶ ነው። ግድግዳው ፈርሷል፤ ቀዳዳው ግን እኔን አያሳልፍም። እናትየዋም ልጆቹም በጃርት ቤት ናቸው፤ ይሸቱኛል። ክስ የቀረበበትን ግድግዳ ማፍረስ በዙፋኑ ላይ ማመፅ ነው። እንግዲህ የጃርት ደጅ ጠባብ ነው። ከናንተ መካከል ገብቶ የሚያወጣልኝ ማነው?»

ማንም አልተነሣም፤ ቀበሮም የጃርቱን እሾህ አስቦ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«አንተ ፍልፈል፣ ለዚህ ሥራ የተፈጠርክ ነህ።»

«ጌታዬ፣ እኔ ጨለማ እፈራለሁ» አለ ፍልፈሉ፤ ዕድሜውን ሁሉ ጨለማ ውስጥ የኖረ ነው።

«አንቺስ ጥንቸል?»

«እኔማ ጌታዬ፣ ጉድጓድ ውስጥ ስገባ ራሴን ያዞረኛል።»

«አባባ ኤሊ?»

«እሄዳለሁ ጌታዬ። የመጪው ዓመት መስከረም ላይ እደርሳለሁ።»

የሳቀ አልነበረም። በዚህ መካከል ከጃርት ቤት የአንድ ጨቅላ ጩኸት ተሰማ። ወዲያው ጥንቸሎቹን በሙሉ ሳል ያዛቸው። ቀበሮ ጆሮውን ቢያቆምም ከሳል በቀር የሰማው ነገር የለም።

ጅብ አንድ በአንድ አያቸው። ብዙ ጊዜ ወስዶ ነው ያያቸው፤ ሲጨርስም ፈገግ አለ።

«ገባኝ» አለ። «ጥፋቱ የኔ ነው። የአንዱን ቤት ብቻ አይቼ የአገሩን ጠባይ ማወቅ አልችልም። ነገ የሁላችሁም ደጅ ይስፋ። በኔ ትከሻ ልክ። ንጹሕ የሆነ ደጁን አይሰስትም።»

በቀይ አምባ ዳኛ ተናግሮ ሲጨርስ «እሺ ጌታዬ» ይባላል። ያን ቀን አልተባለም። ቀበሮ የሚጽፈው ጠፍቶት ዙሪያውን ቃኘ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጉባኤው አንድ ሁለት እያለ ተበተነ።

በማግስቱ ማለዳ ኮረብታው በሙሉ ይቆፈር ነበር። ከየጉድጓዱ አፈር ሲጫር፣ ሲገፋ፣ ሲረገጥ ይሰማል። ጅብ ከሜዳው መካከል ቆሞ አዳመጠና፣

«አየህ፣ መታዘዝ ያውቃሉ» አለ።

ቀበሮ ጆሮውን ወደ መሬት አስጠጋ።

«ጌታዬ» አለ በመጨረሻ፣ «ደጁን እያሰፉት ይሁን እየደፈኑት ከዚህ ሆኖ አይለይም።»

«ሂድና እይ።»

ቀበሮ ኮረብታውን አየ። ኮረብታው ይቆፍራል።

«ብቻዬን?» አለ።