የአሥራ ሁለት ቁጥር ልጅ

ዶክተር ምንተስኖት የአንድ ከብት ማርቢያ ኃላፊ ነበሩ። አንድ ቀን እንግዶች ሰብስበው፣ የከብቶቹን ደም መርምሬ እናትና ልጅ አዛመድኩበት ያሉትን ጥናት በኩራት አነበቡ። በረቱ ውስጥ ያለች አንዲት ጥጃ እያሳዩም፣ «የዚህች ጥጃ እናት አሥራ ሁለት ቁጥር ናት» አሉ።

በበረቱ ደጃፍ የቆመች አላቢ፣ «ጌታዬ፣ ሁለቱ እናትና ልጅ አይሆኑም፤ አሥራ ሁለት ቁጥር እኮ ያ በሬ ነው» አለች።

እንግዶቹ ዘወር ብለው በሬውን አዩት። የዶክተሩ ፊት ጠቆረ።

«ፊደል ሳትቆጥሪ ጥናቴን ልታርሚ? አሁኑኑ በእንግዶቹ ፊት ይቅርታ ካልጠየቅሽ፣ ነገ እዚህ በር እንዳትደርሺ» አሏት።

ሴትየዋ ልጆቿን የምታሳድግበትን ሥራ ማጣት አልፈለገችም። ሽርጧን አስተካክላ እጅ ነሣች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጌታዬ። እኔ መሃይሟ በሬ ወለደ ሲባል የሥራ ፈት ወሬ ይመስለኝ ነበር፤ ለካስ በጥናት የተረጋገጠ ነው።»