ወፍ የማይወርድበት ግቢ

ተረቴ ደጅ ቆማለች፤ ጠጋ ጠጋ በሉና አስገቧት።

እልፍነሽ የምትባል ሴት ነበረች። ግቢዋን ከዓይኗ ብሌን አስበልጣ ትወድ ነበር። ጭቃ ሰልችቷት ከበሩ እስከ ጓሮው ሲሚንቶ አስፈስሳበታለች፤ አፈር የቀረው ከአጥሩ ሥር ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት በሳሙና ታጥበዋለች። አላፊ አግዳሚው «አቤት ሲያምር!» ይላል፤ እሷም ደስ ይላታል።

አባቷ አቶ ቸኮል ዓይናቸው ሲደክም ከገጠር አምጥታ አጠገቧ አስቀመጠቻቸው። ሽማግሌው ግን ቤቱን ሊለምዱት አልቻሉም። አገራቸው ሳሉ ንጋቱን የሚለዩት በወፍ ጫጫታ ነበር፤ እዚህ ጭር ያለ ነው።

«እልፍዬ፣ እዚህ ከተማ አይነጋም እንዴ?» አሉ አንድ ቀን።

«ነግቷል እኮ አባዬ። ሻዩ እየቀዘቀዘ ነው።»

«ወፍ ሳይናገር የምን ሻይ! በይ መስከረም ሲጠባ ወንድምሽ አንዳርጌ መጥቶ ወደ አገሬ ይመልሰኝ።»

አንዳርጌ የሚኖረው ሌላ ከተማ ነው፤ አገር ቤት ደግሞ የሚጦራቸው ማንም የለም። እልፍነሽ ነጠላዋን አነሳች። አንዲት ወፍ! ከዚያ ሌላ ምን ጠየቁ?

ወጣች። አንዲት ምንቃሯ ቆልመም ያለ ትንሽ ወፍ የመብራት ሽቦ ላይ ተቀምጣለች።

«ወፊቱ፣ ወፊቱ፣ ግቢዬ ውረጂና ለአባቴ ዘምሪላቸው።»

«ምን ልቀምስ? አበባ የለ፣ ማር የለ! ራስ ክምር ካላየሁ አልወርድም።»

ራስ ክምር ብርቱካንማ አበባውን ደራርቦ መንገድ ዳር ቆሟል። እልፍነሽ ወደ እሱ ሄደች። «ራስ ክምር፣ ግቢዬ ብቀልልኝ። ወፏ አልወርድም አለች፤ አባቴ አልቀመጥም አሉ።»

«አፈርሽ እንደ ድንጋይ ደርቋል፤ ሥሬን የት ልስደድ? አልበቅልም።»

ተመልሳ አጥሩ ሥር ቁጢጥ አለች። «አፈር፣ አፈር፣ እባክህ ለስልስ። ራስ ክምሩ አልበቅልም አለ፤ ወፏ አልወርድም አለች፤ አባቴ አልቀመጥም አሉ።»

«ትሎቼ ጥለውኝ ጠፉ። እነሱ ሳይሰረስሩኝ አልለሰልስም።»

ቧንቧው ሥር እርጥብ ድንጋይ ፈንቅላ አንዲት የመሬት ትል አገኘች። «ትልዬ፣ ነይና አፈሬን ሰርስሪልኝ። አፈሩ አልለሰልስም አለ፤ ራስ ክምሩ አልበቅልም አለ፤ ወፏ አልወርድም አለች፤ አባቴ አልቀመጥም አሉ።»

«በዚያ ሐሩር፣ እርቃኔን? ቅጠል ካላለበሱኝ ንቅንቅ አልልም!» ብላ ተጠቀለለች።

ቅጠል ያለው ከጎረቤቷ ከጋሽ ተገኝ ዋንዛ ሥር ነው። ጠርገው ከምረውታል፤ ሊያቃጥሉት ክብሪት ይዘዋል። ሁለቱ ሰላምታ ካቆሙ ቆይተዋል፤ እልፍነሽ ግን አፍራም ቢሆን ገባች።

«ጋሽ ተገኝ፣ ቅጠሉን ይስጡኝ። ትሏ ንቅንቅ አልልም አለች፤ አፈሩ አልለሰልስም አለ፤ ራስ ክምሩ አልበቅልም አለ፤ ወፏ አልወርድም አለች፤ አባቴ አልቀመጥም አሉ።»

«ክረምት በመጣ ቁጥር ከሲሚንቶሽ የሚወርደው ጎርፍ አልጋዬ ሥር ይገባል። ስነግርሽ ‹ግድግዳዎን ያስጠግኑ› ብለሽ በሩን ዘጋሽብኝ። ሲሚንቶው ካልተነሳ ቅጠል አልሰጥም።»

እልፍነሽ ቤቷ ተመልሳ ግቢዋ መሐል ቆመች። «ሲሚንቶ፣ ሲሚንቶ፣ ተነስ። ጋሽ ተገኝ ቅጠል አልሰጥም አሉ፤ ትሏ ንቅንቅ አልልም አለች፤ አፈሩ አልለሰልስም አለ፤ ራስ ክምሩ አልበቅልም አለ፤ ወፏ አልወርድም አለች፤ አባቴ አልቀመጥም አሉ።»

«እኔ በእግሬ የመጣሁ መሰለሽ? ለምነሽ ያመጣሽኝ አንቺ ነሽ። አንቺ ካላነሳሽኝ አልነሳም።»

ከዚህ በኋላ ማንን ትለምን? ሲሚንቶዋን አየችው፤ ያበራል። በመስኮት አባቷን አየቻቸው፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኝተዋል። ወደ ጎረቤት ሮጠች።

«ጋሽ ተገኝ፣ ድጅኖ ያውሱኝ። ጎርፉንም ይቅር ይበሉኝ።»

ጋሽ ተገኝ ክብሪቱን ኪሳቸው ከተቱ። ድጅኖውን ተሸክመው ራሳቸው መጡ። የመጀመሪያው ምት ሲያርፍ እልፍነሽ ዓይኗን ጨፈነች፤ ከዚያ በኋላ ግን ድጅኖውን ተቀብላ ራሷ መታች።

ያኔ ሁሉም ተፈታ! ሲሚንቶው ተነሳ፤ ክረምቱ ሲገባ ጎርፉ እዚያው ሰረገ፤ ጋሽ ተገኝ ቅጠሉን በጆንያ አመጡ፤ ቅጠሉ ትሏን አለበሰ፤ ትሏ አፈሩን ሰረሰረች፤ አፈሩ ለሰለሰ፤ ራስ ክምሩ በቀለ፤ አበባው ማር ሞላ፤ ወፏ ወረደች። ያልተጠሩትም መጡ፤ ንቡ፣ ቢራቢሮው፣ ባልዲ ሥር የምታድር አንዲት እንቁራሪት እንኳን ሳትቀር። መንገደኛው «ግቢሽን ምን ነካው?» ይላታል፤ እልፍነሽ እጇን ከጭቃው ሳታወጣ ትስቃለች።

አንድ ማለዳ አባቷ ተጣሩ። «እልፍዬ!»

«አቤት አባዬ!»

«ዝም በይ፤ እየተናገረች ነው።»

ያን ቀን ሻያቸውን በትኩሱ ጠጡ።

መስከረም ሲጠባ አንዳርጌ መኪና ይዞ መጣ። አቶ ቸኮል ጓሮ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ከአናታቸው በላይ፣ ከልብስ ማስጫው ሽቦ ላይ፣ እፍኝ የምታህል ጎጆ ተንጠልጥላለች።

«አባባ፣ ይነሱ እንጂ! መኪናው እየጠበቀ ነው።»

«ቀስ በል ልጄ፣ አትጩህ። እንቁላል ታቅፋለች።»

«ታዲያ አይሄዱም?»

«እሷን እንዲህ ጥዬ? ደግሞስ ሰው ቤቱን ትቶ የት ይሄዳል?»

አንዳርጌ ምሳውን በልቶ ብቻውን ተመለሰ። የእኔም አፍ ደከመ፤ ተረቱን እናንተ ውሰዱ፣ ዳቦውን ለእኔ ተዉልኝ።