የእማሆይ አጥሚት

ተረቴ ከአንዲት ጉርሻ ከማትበልጥ ምኞት ትነሣለች፤ ጆሮ ያለው ይስማ፣ የቸኮለ መንገዱን ይቀጥል።

ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር፣ በአንዲት ጎጆ ውስጥ፣ እማሆይ ወለተ ሩፋኤል የሚባሉ መነኩሲት ይኖሩ ነበር። በጉልበታቸው ዘመን የሰፈሩን አራስ ሲያጥቡ፣ ለበሽተኛው ውሃ ሲቀዱ፣ አስታማሚ ለሌለው አስታማሚ ሲሆኑ የኖሩ ሴት ናቸው። አሁን ግን የኅዳር ቁር ሳል አምጥቶባቸው መደባቸው ላይ ከዋሉ ሰንብተዋል፤ እህል የሚባል ባፋቸው አልዞር ብሏል። ጎረቤታቸው እንጉዳይ፣ እግሯም ምላሷም ፈጣን የሆነች ሴት፣ በየማለዳው ብቅ እያለች ትጠይቃቸዋለች።

«እማሆይ፣ እንዲያው ምን ላምጣልዎት? ምን አማረዎት?»

«ምንም፣ ልጄ» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ «ትኩስ የአጃ አጥሚት ባገኝ ግን ፉት እል ነበር» አሉ።

እንጉዳይ በደስታ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። ፉት ካሉ ይድናሉ፤ ዛሬ ካልቀመሱ ግን ነገ ፉት የሚሉበት አቅምም አይኖራቸው። ወደ ቤቷ ሮጠች፣ አጃ አመሰች፣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች፣ ወደ ወፍጮ ቤት ከነፈች።

ባለወፍጮው አያ ደምሌ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ይሞቃል።

«አያ ደምሌ፣ ይችን አጃ ቶሎ ፍጭልኝ፤ ለእማሆይ ናት!»

«ለእማሆይማ ነፍሴንም አልሰስትም! እናቴን እስከ መጨረሻዋ ያስታመሙ እሳቸው አይደሉም? ግን ቺንጋው ተበጥሷል። ለቆዳ ሰፊው ንገሪውና ይስፋልኝ።»

ቺንጋ ማለት ሞተሩ ወፍጮውን የሚያዞርበት ጠፍር ነው። እሱ ከተበጠሰ ወዲህ ሰፈሩ ዱቄት ጨርሶ ንፍሮ ይቅማል። የድንጋይ ወፍጮስ እንዳይባል፣ ሞተሩ የመጣ ሰሞን ሁሉም ነቅሎ የደጅ መቀመጫ አድርጎታል። እንግዲህ ቺንጋ ሳይሰፋ ወፍጮ አይዞር፣ ወፍጮ ሳይዞር አጃ አይፈጭ፣ አጃ ሳይፈጭ እማሆይ አጥሚት አይቀምሱ። እንጉዳይ ወደ ቆዳ ሰፊው ሮጠች።

«አያ ወርቅነህ፣ የወፍጮውን ቺንጋ ስፋ፤ ለእማሆይ ነው!»

«ለእማሆይማ ነፍሴንም አልሰስትም! ልጄ ኩፍኝ ሲወጣበት ማን ነበር ጎኑ የተቀመጠ? ግን ወስፌዬ ተሰብሯል። ለቀጥቃጩ ንገሪውና ሌላ ይሥራልኝ።»

«አንተስ ሄደህ ብትነግረው?»

«እኔማ ሥራ ላይ ነኝ» አለ፣ እግሩን ዘርግቶ ግድግዳውን እየተደገፈ።

እንግዲህ ወስፌ ሳይሠራ ቺንጋ አይሰፋ፣ ቺንጋ ሳይሰፋ ወፍጮ አይዞር፣ ወፍጮ ሳይዞር አጃ አይፈጭ፣ አጃ ሳይፈጭ እማሆይ አጥሚት አይቀምሱ። እንጉዳይ ነጠላዋን አጠበቀችና ወደ ቀጥቃጩ ሮጠች።

«አያ ፈንታ፣ ለወርቅነህ ወስፌ ቀጥቅጥለት፤ ለእማሆይ ነው!»

«ለእማሆይማ ነፍሴንም አልሰስትም! እጄ የተቃጠለ ጊዜ ያጎረሱኝ እሳቸው ናቸው። ግን ምድጃዬን ተመልከች፤ ድመት ተኝታበታለች። ለከሰል ሻጯ ንገሪያትና ከሰል ታምጣልኝ።»

ከሰል ሳይመጣ ወስፌ አይሠራ፣ ወስፌ ሳይሠራ ቺንጋ አይሰፋ፣ ቺንጋ ሳይሰፋ ወፍጮ አይዞር፣ ወፍጮ ሳይዞር አጃ አይፈጭ፣ አጃ ሳይፈጭ እማሆይ አጥሚት አይቀምሱ። እንጉዳይ እያለከለከች ከሰል ሻጯ ላቀች ዘንድ ደረሰች።

«ላቀች እኅቴ፣ ለፈንታ ከሰል አድርሽለት፤ ለእማሆይ ነው!»

«ለእማሆይማ ነፍሴንም አልሰስትም! ስወልድ ወገቤን የያዙኝ እሳቸው፣ ገንፎውን ያገነፉልኝ እሳቸው! ከሰሉም ጫካው ዳር ተከምሮ ተቀምጧል። ግን አህያዬ ተርባ ተኝታለች፤ ብትደበደብም አትነሣ። ዳገቱ ላይ ያለው ባለጭዱ አያ እንዳላማው ጭድ ይስጣትና ታመጣዋለች።»

«ጥቂቱን በጀርባሽ ብታመጪውስ?»

«ውይ፣ ጀርባዬንማ አትንኪብኝ! የሰንበቴ ድግስ ጨርሶታል።»

አህያዋ አንድ ጆሮዋን አነሣች፣ እንጉዳይን አየቻት፣ ጆሮዋን መልሳ ጣለች። አፍ ቢኖራት እሷም «ለእማሆይማ ነፍሴንም አልሰስትም» ትል ነበር ይሆናል።

አህያዋ ሳትነሣ ከሰል አይመጣ፣ ከሰል ሳይመጣ ወስፌ አይሠራ፣ ወስፌ ሳይሠራ ቺንጋ አይሰፋ፣ ቺንጋ ሳይሰፋ ወፍጮ አይዞር፣ ወፍጮ ሳይዞር አጃ አይፈጭ፣ አጃ ሳይፈጭ እማሆይ አጥሚት አይቀምሱ። እንጉዳይ ዳገቱን ወጣች። አያ እንዳላማው ጎጆ የሚያህል የጭድ ክምሩን እየዞረ ይጠብቃል።

«አያ እንዳላማው፣ ለላቀች አህያ አንድ እቅፍ ጭድ፤ ለእማሆይ ነው!»

«ለእማሆይማ ነፍሴንም አልሰስትም!» አለ እንዳላማው። «ነፍሴን ውሰጅ። ጭዱን ግን አልሰጥሽም።»

«ምነው?»

«ስለት ነዋ! ለሚካኤል ግድግዳ ምርጊት፣ ከጭቃው ጋር እንዲቦካ የተሳልኩት ነው። አንዲት ስንጥር ብትጎድል ሚካኤል ምን ይለኛል?»

ስለት በተባለ ነገር ማን አፉን ይከፍታል? እንጉዳይ ያን ፈጣን ምላሷን ዋጠችና ተመለሰች። ሆድ ባሳት። ይህ ሁሉ ሰው ነፍሱን ሰጥቷት አንድ እቅፍ ጭድ አጥታ መጣች።

እማሆይ ጎጆ ገብታ መደቡ ሥር ቁጭ አለችና ዕንባዋን ዘረገፈችው። «ይቅር ይበሉኝ እማሆይ፤ ጭድ ሳይገኝ አህያዋ አትነሣ፣ አህያዋ ሳትነሣ ከሰል አይመጣ፣ ከሰል ሳይመጣ ወስፌ አይሠራ፣ ወስፌ ሳይሠራ ቺንጋ አይሰፋ፣ ቺንጋ ሳይሰፋ ወፍጮ አይዞር፣ ወፍጮ ሳይዞር አጃ አይፈጭ፣ አጃ ሳይፈጭ እርስዎ አጥሚት አይቀምሱ።»

እማሆይ ሳቁ። ሳቁ ሳል ሆነባቸው፣ ሳሉ አልፎ እንደገና ሳቁ።

«የቸገረሽ ጭድ ነው ታዲያ?» አሉና በክንዳቸው ተደግፈው ቁርበታቸውን ገለጡት። ከሥሩ የተጎዘጎዘ ጭድ ነበር። «ውሰጂላት።»

«እማሆይ! በዚህ ብርድ ባዶ መደብ ላይ ሊተኙ?»

«እኔ አሞኝ ነው የተኛሁት። እሷ ግን ተርባ ነው። በይ ቶሎ፣ አህያም ብትሆን የእግዜር ፍጥረት ናት።»

ከእማሆይ ጋር ክርክር የለም። እንጉዳይ ጭዱን አቅፋ፣ ዕንባዋን መጥረጊያ እጅ አጥታ፣ በአያ እንዳላማው ደጅ አለፈች።

«ከየት አገኘሽው?» አላት።

«ከእማሆይ ጎን ሥር።»

እንዳላማው ክምሩን አየ፣ እቅፏን አየ። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «ሚካኤል ሆይ፣ ግድግዳህ እስከ መጪው ዓመት ይታገሠኝ» አለና ከክምሩ ትልቅ ሸክም መዘዘ፤ ተሸክሞም ወደ እማሆይ ጎጆ ቁልቁል ሮጠ።

ወሬው ከአህያዋ ቀድሞ ሰፈሩን አዳረሰ። አህያዋ በላች፣ በልታ ተነሣች። ላቀች ግማሹን ከሰል በዚያችው በታመመችው ጀርባዋ አዝላ ከፊት ከፊቷ ሄደች። ከሰሉ መጣ፣ ድመቷ ተባረረች፣ ወስፌው ተሠራ። ወስፌው ሳይቀዘቅዝ ወርቅነህ ራሱ መጥቶ ወሰደው፣ ቺንጋውም ተሰፋ። ቺንጋው ተሰፋ፣ ወፍጮው ዞረ፤ ወፍጮው ዞረ፣ አጃው ተፈጨ፤ አጃው ተፈጨ፣ አጥሚቱ ተንተከተከ። የማንም ጀርባ አላመመ፣ ማንም ሥራ ላይ ነኝ አላለ።

እማሆይ ወገባቸው ድረስ በሚውጥ አዲስ ጭድ ላይ ተቀምጠው ጽዋውን ተቀበሉ። አምስቱ አንገታቸውን ደፍተው ግድግዳውን ታከው ቆመዋል፤ እንጉዳይ ትንፋሿን ይዛለች። እማሆይ አማተቡና አንዴ ፉት አሉ። ደገሙ። ሠለሱ። የገረጣው ጉንጫቸው ቀላ አለ። እንጉዳይ «ተመስገን!» ብላ ጮኸች፤ አላፈረችም።

እማሆይ ከንፈራቸውን ጠረግ አደረጉና ዓይናቸውን በአምስቱ ላይ አዞሩ።

«ጨው አንሶታል» አሉ።

ባለወፍጮው ለቆዳ ሰፊው ንገሪው አላለ፣ ቆዳ ሰፊው ለቀጥቃጩ አላለ፣ ቀጥቃጩ ለከሰል ሻጯ አላለ፣ ከሰል ሻጯ ለባለጭዱ አላለች፣ ባለጭዱም ስለት ነው አላለ። አምስቱም ጨው ሊያመጡ በአንዲቷ ጠባብ በር ላይ እኩል ደረሱና ተቀረቀሩ።

እኔም ተረቴን እዚህ ላይ ተውኩት፤ ከበሩ ገና አልወጡም።